የመጀመሪያ አስተማሪዎ ማን ነው?

«እማዬ፣ ልሂድ ወይስ ልመለስ?»

ልጅቷ ይህን በስልክ ስትጠይቃት ልብስ ሰፊዋ እናቷ የደንበኛ ቀሚስ እያሳጠረች ነበር። በከንፈሮቿ መሀል ስፒል ነክሳለች። ስፒል የነከሰ አፍ መልስ አይሰጥምና በልቧ ስፒሎቹን አመሰገነቻቸው።

ልጅቷ በሌላ ከተማ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳለች። አሁን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ሰጥቷታል፤ እስከ አርብ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። «አንቺ ሳትመርቂኝ አልፈርምም» አለች። አነጋገሯ የረጋ ይመስላል፤ ነገር ግን እናት ናትና ከቃሉ በታች የሚዘለውን ደስታ ሰፊዋ ሰምታዋለች። መስማቷ ነው ያስፈራት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች መሰኪያው ላይ ሰካችና፣ «ነገ እነግርሻለሁ፣ የኔ እናት» ብላ ዘጋች። ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ልቧ ውስጥ የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ነይ።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ራሱን ሲያድስ አድሮ ጠበቃት። ከልጇ ጋር በድምፅና በምስል የምትገናኝበት አፕ ተዘግቷል፤ በቦታው አንድ ጽሑፍ ቆሟል። ሰፊዋ ስልኩን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወጣት ዳቦ ሻጭ ሮጠች።

«ምን ይላል፣ እናቴ?» አለቻት።

ዳቦ ሻጯ ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነበበችላት። «'የመጀመሪያ አስተማሪዎ ማን ነው?' ይላል።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነዋ!»

ሰፊዋ አስተማሪ የሚባል ሰው በልጅነቷ አላየችም። ስልኩን የከፈተላት የስልክ ቤቱ ጎረምሳ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ማንበብ የሚያታክተው ሁሉ አዲሱን ስልኩን ለጎረምሳው ይሰጠዋል፤ እሱም በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ከፍቶ ይመልስለታል። ከዚህ የተነሣ የሉካንዳ ቤቱ ሰውዬ ልጁን ሲያስመርቅ የተነሣው ፎቶ የሰፊዋ ስልክ ላይ ይወጣል፤ እሷ የደንበኛ ደረት ስትለካ ያነሣችው ፎቶ ደግሞ እሱ ስልክ ላይ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር አጣልቶታል። የጥያቄውን መልስ የሚያውቀው ጎረምሳ ደግሞ ከከተማው ከሄደ ወራት አልፈዋል። ሱቁ አሁን ጫማ ይሸጥበታል።

የልጇን ቁጥር በቃሏ ብትይዘው ችግር ባልነበረ። እሷ ግን የምታውቀው የልጇን ፎቶ መንካት ብቻ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ከተዘጋው በር ወዲያ ቀርቷል። ዳቦ ሻጯ ወደ ስልክ ኩባንያው ብትደውልላት አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አለችና ሙዚቃ ከፈተች። ረቡዕም ያቺው ድምፅ አመሰገነቻቸው። ምስጋና እንዲህ ሲበዛ ስድብ ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት ሰፊዋ ማሽኗን ሸፍና ወደ ኩባንያው አገልግሎት መስጫ ሄደች። ከሱቋ ፊት ለፊት የሚሠሩት ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ አብረዋት ወጡ። ማንም ሰው ሰዓቴ ደረሰ ወይ ሲላቸው «አንድ ደቂቃ!» ስለሚሉ አባባ ደቂቃ ይባላሉ። የሄዱት ሊረዷት ብቻ አይደለም፤ ከኩባንያው ሰዎች ጋር የሚጨቃጨቁበት ነገር እየፈለጉም ነው።

አዳራሹ ውስጥ የወረፋ ቁጥር ይዘው ሲቀመጡ፣ አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሴት ዞር አለች። ሰፊዋ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ሴቲቱ የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪዋ ናት። ሰፊዋ ፊደሉን ቆጥራ እንደጨረሰች «ሥራ በዛብኝ» ብላ ከክፍሉ ቀርታለች።

«እትዬ! ጠፉ እኮ» አለች አስተማሪዋ፣ ያለ አንዳች ቁጣ።

«ሥራው ነው፣ ቲቸር... አንቺስ ምን ልታደርጊ መጣሽ? የተማረ ሰውም እዚህ ይሰለፋል?»

«ይሰለፋል እንጂ! ሳላዝዛቸው ስልኬ ላይ ዘፈን አስገቡብኝ። ርእሰ መምህሩ ሲደውሉልኝ፣ እስካነሣው ድረስ 'ያላንቺ አልኖርም' የሚል ዘፈን ነው የሚሰሙት። አጥፉልኝ ብዬ ሁለተኛ መምጣቴ ነው።»

አባባ ደቂቃ በጭናቸው መሀል ያቆሙትን ከዘራ ወለሉ ላይ መቱት። «አላልኩሽም፣ ሰፊዋ? የተማረችውንም አልማሯትም! ሰዓት ብትይ ክዳኑን ከፍተሽ ሆዱን ታይዋለሽ። ጥርሱ ከረገፈ ጥርስ ትተኪለታለሽ። ይሄ ግን ክዳን የለው፣ ብሎን የለው፤ ተለጥፎ የተወለደ! የማይከፈት ነገር ያንቺ አይደለም። ጣይውና ተገላገይ።»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ» አለች አስተማሪዋ። «ያድሱታል፣ ይቀይሩታል፣ ትናንት የለመድነውን ቁልፍ ዛሬ ሌላ ቦታ ይደብቁታል፤ ማንንም አይጠይቁም። እኔም እበሳጫለሁ። ግን ጥለን የት እንደርሳለን? የእትዬ ልጅ ያለችው እዚያው ውስጥ ነው።»

ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ሞላ፤ የሆነውን ሁሉ፣ የነገዋን አርብም ጨምራ ነገረቻት። አስተማሪዋ እስክትጨርስ አዳመጠች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደላላ ቤት ሲያገኝልዎ፣ ቁልፉን እሱ ዘንድ ትተው ይገባሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ!»

«እሱ ጎረምሳ ደላላ ነበር። ቤቱን አገኘልዎ፤ ቁልፉን ግን ይዞት ሄደ።»

ሰፊዋ የቀሚሷን ጠርዝ እየዳበሰች አሰበች። «እንደሱ ካልሽው... ስኖር የኖርኩት በደላላ ቁልፍ ነዋ። ግን ቲቸር፣ እኔ እኮ የሚያነብልኝ አላጣሁም። ዳቦ ሻጯ አለች፣ ደንበኞቼ አሉ። በዚህ ዕድሜዬ የሕፃናት ወንበር ላይ ቁጢጥ ብዬ... ጉልበቴ እንኳን ከጠረጴዛው ሥር አልገባም አለ!»

«እንኳን ጉልበትሽ፣ ፊደሉም በዚህ ዕድሜ አይገባም» አሉ አባባ ደቂቃ።

«ፊደሉማ ገብቷል፣ አባባ። እኔ ነኝ ያስቆጠርኳቸው» አለች አስተማሪዋ ፈገግ ብላ፤ ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞረች። «የሚያነብልዎ ሰው አንብብልኝ ያሉትን ያነብልዎታል። አንብብልኝ ያላሉትንስ ማን ያነብልዎታል? እስቲ ስልኩን ያሳዩኝ። አፑ ቢዘጋም የጽሑፍ መልእክት ይገባል። ይሄ ቀይ ምልክት ምንድን ነው?»

«እሱን ተይው፣ ማስታወቂያ ነው። ቀኑን ሙሉ ቲንግ ሲል ይውላል። ሽልማት ደረሰዎ፣ ጥቅል ይግዙ፣ ዘፈን ይምረጡ! በፊት ለዳቦ ሻጯ አሳያት ነበር፤ 'ማስታወቂያ ነው' ስትለኝ ጊዜ ተውኩት።»

ሰፊዋ አልዋሸችም፤ ኩባንያው እንደ ዝናብ ያወርድባታል። ከዝናቡ መሀል አንዲት የእንባ ጠብታ ብትወድቅ ግን በምን ትለያለች? አስተማሪዋ ማስታወቂያውን በጣቷ ወደ ላይ እየገፋች ስትሄድ ድንገት ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን ለሰፊዋ መለሰችላት።

«ይሄን እኔ አላነብልዎትም።»

«ምነው? ክፉ ነው?»

«የእርስዎ ነው። አንድም የማያውቁት ፊደል የለበትም።»

ሰፊዋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ደግሞ አራቀችው። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እንደምታስገባ ሁሉ ትንፋሿን ያዘች።

«እ... ማ... ዬ።» ቀና አለች። «እማዬ! እማዬ ነው የሚለው!»

«ይቀጥሉ።»

«ዝ... ም... አ... ል... ሽ... ኝ። ተ... ቆ... ጣ... ሽ...» ጣቷ መስታወቱ ላይ ከቃል ቃል ተሻገረ። አጠገባቸው የተቀመጡ ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። «አ... ል... ሄ... ድ... ም። በ... ቃ። አ... ር... ብ... እምቢ... እ... ላ... ለ... ሁ።»

ልጅቷ መልስ ስታጣ፣ በአፑም ብትደውል የሚያነሣ ስታጣ፣ እናቴ ተቀይማኛለች ብላ በመደበኛው መስመር መደወል ፈርታ ነበር። የኩባንያው በር መዘጋት የእናቷ ፊት መዘጋት መስሏታል።

አባባ ደቂቃ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። «በቃ! ልትመጣልሽ ነው። የፈለግሽው ሆነ! እግዜር ባፍሽ ሳይሆን በስልኩ መለሰልሽ። አሁን ዝም በይ። ማንም አያውቅ።»

አስተማሪዋ ውሳኔውን ለሰፊዋ ተወችላት። ይህ የትምህርት ጉዳይ አልነበረምና።

ሰፊዋ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው፤ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ፈጠነ። ዝም ብትል ልጇ ቅዳሜ ቤት ትገባለች። የማታውቀውን አገር አትሄድም፤ ማታ ማታ የበሯ መቀርቀሪያ ሲዘጋ ትሰማዋለች። ምን ማድረግ አለባት? ምንም። ሦስት ቀን እንዳደረገችው ዝም ማለት ብቻ።

«አባባ» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ ዕለት ስትጠይቀኝ ድምፅዋን ሰምቼዋለሁ። እንደዚያ ሆና ያየኋት ትንሽ ልጅ ሳለች አዲስ ጫማ የገዛሁላት ቀን ነው። እኔን ፈርታ ከቀረች፣ ቤቴ የሚገባው ገላዋ ነው። ልቧ እዚያው ሆስፒታል ደጅ ቆሞ ይቀራል።»

«ታዲያ ብትሄድ በምን ታገኛታለሽ? ይሄው ሦስት ቀን ተዘጋብሽ!»

«የፈራሁትማ እሱን ነበር። ነይ ልላት የነበረውም ለዚሁ ነው። ክሩ በሰው እጅ ስለነበረ፣ አንድ ቀን ይበጠሳል ብዬ። አሁን ግን አነበብኩ። አልሰሙኝም እንዴ፣ አባባ? ራሴ አነበብኩ!»

ወደ አስተማሪዋ ዞረች። «'ሂ'ን የት ነው የማገኘው?»

«'ሀ'ን ይጫኑና ሦስተኛዋን ይፈልጉ።»

ሰፊዋ «ሂ»ን አገኘች። «ጂ»ን በመፈለግ ላይ ሳለች የወረፋ ቁጥሯ ተጠራ። ሁለተኛ ተጠራ። ከማለዳ ጀምራ የጠበቀችው ወረፋ ነው።

«ያንቺ ነው፣ ተነሺ!» አሉ አባባ ደቂቃ።

«ይለፈኝ! አንድ ደቂቃ!» አለች።

ሽማግሌው የራሳቸው ቃል በሰው አፍ ሲመጣባቸው ሳቁ፤ ተነሥተውም ወደ መስኮቱ ሄዱና «ቆይ፣ ሰው እየጻፈ ነው» ብለው ለሠራተኛው አስታወቁ።

ሰፊዋ የላከችው አንድ ቃል ነው፦ ሂጂ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «እማዬ! ይሄን ማን ጻፈልሽ?»

«ማን ይጽፍልኛል?» አለች ሰፊዋ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማት ዘንድ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

በኋላ የመስኮቱ ሠራተኛ በትሕትና አስረዳት። አንድ ስም በብዙ ስልክ ላይ ስለተገኘ ኩባንያው ሌባ መስሎት ዘግቶታል፤ የድሮው አይከፈትም፤ አዲስ ግን መክፈት ይቻላል። የልጇ የቆዩ የድምፅ መልእክቶች መጥፋታቸው ሰፊዋን አሳዝኗት ነበር። ልጅቷ ግን የላከችው ሁሉ በራሷ ስልክ አለና መልሳ ላከችላት።

አዲሱን ሰፊዋ ራሷ ከፈተችው። አስተማሪዋ ከጎኗ ቆማ፣ እጇ ልርዳ እንዳይላት ወደ ኋላዋ አጣምራ፣ «'እስማማለሁ' ከማለትዎ በፊት ያንብቡት» ትላት ነበር። ጽሑፉ እንደ ቀበሮ ጅራት ረጅም ነው፤ ሁሉን መጨረስ ለተማረውም አይቻልም። ሆኖም ማስታወቂያ ላክልኝ የምትለዋን ምልክት አግኝታ አጠፋቻት። በመጨረሻ ያ ጥያቄ መጣ፦ የመጀመሪያ አስተማሪዎ ማን ነው?

ሰፊዋ ቀና ብላ ከጎኗ የቆመችውን ወጣት አየቻት። «ቲቸር፣ ስምሽ በ'ሰ' ነው በ'ሠ'?» ምን ብላ እንደጻፈች ግን እዚህ አይነገርም፤ የምሥጢር ጥያቄ ነውና።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ደንቡ ተለወጠ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ቁልፍን በራስ እጅ ስለመያዝ ታስተምራለች። የሉካንዳው ባለቤት የራሱን ከፍቷል፤ ከሚስቱም ታርቋል። ዳቦ ሻጯ የሰው መልእክት ከማንበብ አርፋለች። ኩባንያዎቹ አልተለወጡም፤ ዛሬም ያድሳሉ፣ ይደብቃሉ፣ በሙዚቃ ያመሰግናሉ። የተለወጠው ሰው ነው፤ አንብቦ የሚለይ ሰው ከማስታወቂያ ዝናብ መሀል የልጁን ድምፅ መርጦ ያወጣል፣ የማይፈልገውን አልፈልግም ይላል፣ የሚወደውንም ሳይፈራ ይሸኛል። ሰፊዋ ማታ ማታ ስታመሰግን አስተማሪዋን ታስቀድማለች፤ ከዚያ ሽማግሌውን፤ ከዚያም፣ ትንሽ ቆይታ፣ ስልኩን።

አባባ ደቂቃም ስልክ ገዙ። «ክዳኑ አሁንም አይከፈትም» ይላሉ፣ «ቃሉ ግን ይከፈታል። ያን ቀን ሰው ሲያነብ በዓይኔ አየሁ፤ ከሰዓት ሆድ ይበልጣል።» ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለ፣ ይማራሉ።

ልጅቷ ሄደች። እናትየዋ ቀረች፤ ከማሽኗና ከፊደሏ ጋር።