ተራራውን ለእንግዳ ያስከፈቱት አቶ መዝገቡ ካሣዬ

ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ አባታችንን ለመሸኘት በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ የቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ዕድርተኞች፣ ታሪካቸውን እንዳነብ ቤተሰቡ ያዘዘኝ እኔ ልጃቸው ዓለምፀሐይ ነኝና፣ ንባቤ ቢዘገይም ታግሣችሁ ስሙኝ።

አቶ መዝገቡ ከአባታቸው ከአቶ ካሣዬ ጉልላትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅነሽ በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ተወለዱ። ቀኑን በእርግጥ የሚያውቅ ባይገኝም፣ እናታቸው የልደታ ማግሥት ነው ይሉ ነበር። በእንጦጦ ማርያም ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ከሱሉልታ ተወላጅ እናታቸው ደግሞ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው አቀላጥፈው አደጉ። ጎረምሳ ሲሆኑ ጎሚስታ ቤት ገብተው ጎማ ሲለጥፉ ከቆዩ በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ በአንድ የአስጎብኚ መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ተቀጠሩ። ጥጥ እየፈተሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ያቀርቡ የነበሩትን እናታችንን ወይዘሮ ታየችን አግብተው፣ እኔንና ወንድሜን ስብሐትን ወለዱ።

ወፍ ለማየት ብቻ የመጡ ፈረንጆችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሌ ተራሮች ወስደው ሲመለሱ፣ ገና ከመኪና ሳይወርዱ፣ “ታየች፣ ቢሮው የሰጠኝ ሰዎች ጤነኞች አይመስሉኝም፤ ባሕር አቋርጠው መጥተው አንዲት ወፍ ሲያዩ ዋሉ፤ ደግሞ አይበሏትም!” አሉ። እናታችንም፣ “አንተስ አብረህ ስታይ አልዋልክም?” አለቻቸው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከኛ ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚወዱት ወፍ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔንና ስብሐትን እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ አስቀምጠው፣ “ዝም በሉ፣ ትመጣለች” ይሉን ነበር።

በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የባሌው ተራራ ለጎብኚ ተዘጋ። እንግዳ ይጭኑባት የነበረችው ላንድሮቨር የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ማመላለሻ ሆነች፤ አባታችንም ሳቃቸው ጠፋ። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ግን መሥሪያ ቤቱ ሾፌሮቹን ሰብስቦ፣ አንድ ቡድን ለሙከራ እንዲሄድ፣ በሰላም ከተመለሰ ተራራው እንዲከፈት፣ አንዳች ነገር ከደረሰበት ግን ነገሩ እስከ መጨረሻው እንዲቀር መወሰኑን ነገራቸው። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው እጃቸውን አወጡ።

እኔ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ ተቃርቤ ስለነበር፣ “አባዬ፣ ፈንጂ ቢኖርስ? ሽፍታ ቢኖርስ? የልጅ ልጅዎን ሳያዩ?” ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸውም አንስተው፣ “አንቺ ልጅ፣ በአንቺ ፍርሃት ቢሆን እኮ ሽሮ ሜዳ ለመውረድም ኑዛዜ ያስፈልገኝ ነበር። ስመለስ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የመኪናዬን ጡሩምባ እነፋልሻለሁ” ብለው ሄዱ።

እዚያም ደርሰው፣ በአገራችን ብቻ የምትገኘውን ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለመፈለግ እንግዶቹ ረጅሙን መነጽራቸውን በሦስት እግሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ተክለው፣ በሆዳቸው ተኝተው ሲያዩ፣ ጦርነቱን ያልረሳው የአገሩ ሰው ከሩቅ አይቶ መትረየስ ተጠመደብን አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ኑሪ ታጣቂዎቻቸውን ይዘው ከበቧቸውና በኦሮምኛ፣ “ማንም እንዳይነቃነቅ! መትረየሱን ልቀቁ!” ብለው ጮኹ። ጠመንጃው ሁሉ ተቀባብሏል። አንድ ጥይት ቢተኮስ ተራራውም ሰዉም አበቃለት። አባታችን ግን እጃቸውን ዘርግተው ከመነጽሩ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው በዚያው በኦሮምኛ፣ “ጌታዬ፣ መትረየስ ነው ካሉ ይረከቡን፤ ይምጡና ራስዎ ያነጣጥሩ” አሏቸው።

አቶ ኑሪ እየተጠራጠሩ ዓይናቸውን ወደ መነጽሩ አስጠጉ። ከዚያ፣ “ኧረ! ይቺ ላም የኔ ናት! ገብሴን ጨረሰችው እኮ! ምን ትገተራላችሁ፣ ሂዱ አውጧት!” ብለው ታጣቂዎቻቸው ላይ ጮኹ። አንዱ ታጣቂ፣ “ሊቀመንበር፣ መትረየሱ መጀመሪያ የማረከው ላምዎን ነው!” ቢል ተራራው በሳቅ ተናጋ። ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋድመው፣ የየቤታቸውን ጣሪያ ለማየት ተራ ያዙ። ሲመሽ አቶ ኑሪ ቤታቸው አሳድረዋቸው፣ በማግሥቱ ዝይዋ የምትውልበትን ረግረግ ራሳቸው መርተው አሳዩአቸው።

አባታችን ሲመለሱ እኔ አራስ ነበርኩ። ጡሩምባው ከመታጠፊያው ሲሰማ እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ የወለድኩት ያን ሰዓት መስሎት እልልታውን ተቀበላት። ተራራውም ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም አልተዘጋም። እስኪታመሙ ድረስ ስንቱን እንግዳ ወስደው ስንቱን በሰላም መለሱ! እኔ በያንዳንዱ ጉዞ ስፈራ፣ እሳቸው በያንዳንዱ ጉዞ ጡሩምባ ሲነፉ ኖርን።

በጉበት ሕመም በሆስፒታልና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት በ፶፱ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ወዳጃቸው አቶ ኑሪ፣ ሕመማቸውን ሰምተው ከባሌ ድረስ መጥተው፣ ይኸው ከመካከላችን ቆመዋል።

ዛሬ አስከሬናቸውን ከቤት ስናወጣ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሾፌሮች በዚያች መታጠፊያ ላይ ጡሩምባቸውን ባንድ ላይ ነፉ። ልቤም እንደ ልማዱ፣ “እፎይ፣ አባዬ በሰላም ገቡ” አለ።

መንገደኛውን ሁሉ በሰላም የመለሱትን አባታችንን መድኃኔ ዓለም በሰላም ተቀብሎ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።