እቴናት ያስያዘችው ወንበር

የወደብ ሠራተኛው ወልደየሱስ ከሥራ ወጥቶ፣ የአሰብ ሙቀት ገና ፊቱን እየለበለበው ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ከማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ከይልቃል ጋር ተገጣጠመ። አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ነበር፤ ወጣቱ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ወልደየሱስ? ባለቤትዎ ሰኞ ትምህርት ይጀምራሉ ብዬ እየጠበቅኋቸው ነው።»

«አትጀምርም፤ ከልክያታለሁ። የስም ዓይነት በእንግሊዝኛ መለየት ነው አሉ የምታስተምሩት። ወንበር ካስቀመጠ አይበቃም? ደግሞ ዘር ማንዘሩ ይጠና?»

ይልቃል ሳቀ። «ለመቀመጥስ ይበቃል። ግን መርከብ ስታራግፉ ጨውን እንደ በርሜል ትቆጥሩታላችሁ?»

«ምን ነካህ! በርሜል ይቆጠራል። ጨው ይመዘናል እንጂ ማን ይቆጥረዋል?»

«እንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያል። ‹ባረል› ሲበዛ ‹ባረልስ› ይሆናል፤ ‹ሶልት› ግን ተራራ ቢያህል ያው ‹ሶልት› ነው። ‹ወደብ› ደግሞ የወል ስም ነው፣ ምጽዋንም ይጨምራል። ‹አሰብ› ግን የአሰብ ብቻ ነው፤ የተጸውዖ ስም ይባላል።»

«እንግዲያው ‹ኩሊ› የወል ነዋ» አለ ወልደየሱስ፣ ድምፁ ሻክሮ።

በወጣትነቱ አንድ የመርከብ አዛዥ በእንግሊዝኛ ስሙን ቢጠይቀው «የስ» ብሎ መልሶ ነበር። የወደቡ ጸሐፊዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ተዉት፣ ኩሊ ነው» አለ አንደኛው። ያልተማረ ሰው ውርደቱን ቶሎ ይረሳል የሚሉ አሉ፤ ተስቆባቸው ስለማያውቁ ነው።

«እሷም ከተማረች ትስቅብኛለች» አለ ቀስ ብሎ።

«ጋሼ፣ እትዬ እቴናት የተመዘገቡ ዕለት ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት? ‹አጠገቤ ባለው ወንበር ሰው አታስቀምጥበት፤ ባለቤቴ እስኪመጣ ይቆየኝ።›»

ወልደየሱስ ተሰናብቶት ሄደ። ቤቱ ሲደርስ እቴናት ለሌሊቱ አልጋውን ግቢ አውጥታ መሬቱን ውኃ ስትረጭ አገኛት።

«ሰኞ ሂጂ» አላት።

«አንተስ?»

«ቢስቁብኝስ?»

«እኔስ መቼ አውቃለሁ? ይሳቁብን፤ ሁለት ሆነን።»

ሰኞ ማታ መምህሩ በእንግሊዝኛ ስሙን ጠየቀው። ወልደየሱስ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማይ ኔም ኢዝ ወልደየሱስ።» ማንም አልሳቀም። ሲቀመጥ እቴናት ጠረጴዛው ሥር እጁን ፈልጋ ያዘችው።

ትምህርት የሥራ ዕድገት ያመጣል ይባላል፤ ለወልደየሱስ ዕድገት የሰጠው የለም። ሆኖም በሣጥን ላይ የተጻፈውን አንብቦ ተሰባሪውን ከማይሰበረው ይለያል፤ እቴናትም የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጎረቤት ሳትለምን ታነባለች። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማታ ማታ ነው። ግቢው ውስጥ ጋደም ብለው የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን ሲለዩ ያመሻሉ።

«ኮከብ?» ትለዋለች።

«ይቆጠራል፤ ጊዜ ያለው ሰው ከተገኘ።»

«ያን ሁሉ ዘመን የያዝከው ቂምስ?»

«አይቆጠርም» አላት፤ «ግን ቀንሷል።»