ብርዝ በጡጦ

ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ጥርስ ስነቅል ውዬ እጄ ዝሏል፤ ስለ ጥርስ የሚያነሣብኝ ሰው ባይመጣ ደስ ባለኝ። አጠገቤ ግን አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ አረፍ አሉ። ያቀፏት የአራት ዓመት ልጅ ጉንጯ አብጧል።

«ምን ሆና ነው አባቴ?» አልኋቸው፤ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጥርሷን ነው ልጄ። ያምሮት የልጅ ልጄ ናት። ያልፍላታል፤ የወተት ጥርስ አይደል? ለሚወልቅ ጥርስ ማን ይጨነቃል?»

ይህንኑ ቃል ዛሬ ብቻ ስድስት ወላጆች ነግረውኛል፤ ሰልችቶኛል። ሥራዬን ነግሬያቸው አፏን አየሁ። የፊት ጥርሶቿ ጠቁረው እስከ ድድ ተበልተዋል፤ የመንጋጋዋ ሥር መግል ቋጥሯል።

«ስትተኛ ምን ትጠጣለች?»

«ብርዝ ነዋ! እናቷ ለሥራ ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ጡጦዋን ካልያዘች ታለቅስብኛለች። የገዛ ቀፎዬ ማር ነው፤ ማር መድኃኒት አይደል?»

«አፏ ውስጥ ሲያድር ጥርሷን ይበላዋል አባቴ። ይህ መንጋጋ በራሱ ጊዜ እስኪወልቅ ስድስት ዓመት ይቀረዋል። እስከዚያ እያመማት ትኑር? መግሉ ሥር ከሰደደ ከታች የሚበቅለውንም ያበላሽባታል።»

«የእኔንስ በልጅነቴ ማን አጠበልኝ? ይኸው ጥርሴ!»

«እርስዎ ብርዝ በጡጦ ይዘው ተኝተው ያውቃሉ?»

ያበጠውን የያምሮትን ጉንጭ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«መፋቂያውንስ በቀን ስንቴ ይይዙታል?»

«ከአፌም አይለይ።»

«የእሷን ማን ፋቀላት?»

መፋቂያውን ከአፋቸው አውጥተው አዩት።

«እንዳታለቅስብኝ ብዬ እኮ ነው» አሉ። «የሚያስለቅሳትን በእጄ ሳጠጣት ኖሬያለሁ?»

ልቆጣ ያሰብሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ አሳዘኑኝ።

«መግሉ ለነገ አይባልም፤ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ስላለ አብረን እንሂድ። ከእንግዲህ ሲያስተኟት ውሃ ብቻ ይስጧት። ጠዋትና ከመኝታ በፊት፣ አተር በምታህል የጥርስ ሳሙና እርስዎ ራስዎ ይቦርሹላት፤ ለብቻዋ ገና አትችልም። የቀሩት ጥርሶች ይተርፋሉ፤ ቆሎም ትቆረጥማለች፣ እንቅልፍም ታገኛለች።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ያለእኔ ሄደ። ያምሮት ጡጦዋን ጠየቀች። ሽማግሌው ከከረጢታቸው አውጥተው ብርዙን መሬት ላይ ደፉት፤ ከመናኸሪያው ቧንቧ ውሃ ሞልተው ሰጧት። ቀመሰችና ወረወረችው፤ እሪ አለች።

አንሥተው አቀፏት። «ልቀሺ የኔ እናት» አሏት፤ «የዛሬው ለቅሶ ይሻላል።»