ሦስት ጆንያ ሞተር ሳይክል

ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንሸኛቸው ዋና አራሚያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ጋዜጣ ለሥራ የመጡ ዕለት ዘበኛው አላስገባም ብሏቸው ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሳስበው፣ በዚህ ቤት አርቆ የሚያይ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በብብታቸው በአንሶላ የተጠቀለለ፣ ዝገት የበላው የቤንዚን ታንከር ይዘዋል። ዘበኛው ምን እንደሆነ ጠየቀ። የሞተር ሳይክል ታንከር ነው አሉት። ሞተር ሳይክሉስ የት አለ ሲላቸው፣ ቤት፣ በሦስት ጆንያ ውስጥ ነው አሉ። ጆንያዎቹን የገዙት በዚያው ሳምንት ነው፤ ታንከሩን ግን ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጡ አሮጌ ብረት ሻጭ ዘንድ አገኙት። የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው ብለው እንኳ አላለፉትም።

ታንከሩ ጠረጴዛቸው ሥር ገባ። ከፊታቸው የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ገጽ የማቀናብረው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እግሬን መዘርጊያ አጣሁ፤ ልብሴ ቤንዚን እየሸተተ ቤቴ ገባሁ። በተናገርኩ ቁጥር «ቆይ አንዴ፣ ቀለሙን ልቀባውና እወስደዋለሁ» ይሉኛል። ጋሽ ቆይ የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። ገጹን ይልቀቁልኝ ስል ቆይ አንዴ። ምሳ እንሂድ ስል ቆይ አንዴ። የደመወዝ ወረቀት ይፈርሙ ሲባሉ እንኳ መጀመሪያ ሆሄያቱን አርመው ነው የሚፈርሙት።

የፎቶ ክፍሉ መስኮት የፓራፋንጎ፣ የዚያ የጎማ ጭቃ መከላከያ፣ ቀለም ማድረቂያ ሆኖ ኖሯል። በስብሰባ መሃል ከኪሳቸው የጎማ ኩሽኔታ አውጥተው፣ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሲያሽከረክሩ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ጊዜ ዋና አዘጋጁ ስለ አዲሱ የሥራ ዕቅድ እያስረዱ ሳለ፣ ጋሽ ቆይ ኩሽኔታቸውን አዳምጠው «ይሄስ ደህና ነው» አሉ። ዋና አዘጋጁ ስለ ድጋፋቸው አመሰገኗቸው።

እንደ እርማቱ ግን ያንገበገበኝ የለም። ጋሽ ቆይ የጋዜጣውን ስህተትና የሞተር ሳይክሉን ጉድለት የሚጽፉት በአንድ ቀይ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ቁራጭ ወረቀት ነው። አንድ ቀን የቤታቸው ወረቀት ከእርማቶቹ ጋር ተደባልቆ መጣልኝ። እኔ ደግሞ እሳቸው የጻፉትን ሳልጠይቅ እንዳስገባ ተቀጥቅጬ ያደግሁ ሰው ነኝ። በማግስቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «እርማት» በሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ተብሎ ወጣ፦ «የኋላ ጎማ ሽቦ ሦስት ይጎድላል። የግራ እግር ማሳረፊያ የለም። ካርቡራተሩ ያፈሳል።»

ዋና አዘጋጁ ጋዜጣውን ይዘው መጡና ይሄ የእርማት ሳጥን ነው ወይስ ጋራዥ ብለው ጠየቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቆሜያለሁ። ጋሽ ቆይ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ በዚያ በተረጋጋ ድምፃቸው፣ «ስህተት አለበት» አሉ። «የሚጎድለው ሽቦ አራት ነው።»

በሦስተኛው ቀን አንድ አንባቢ የግራ እግር ማሳረፊያ በፌስታል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ማን ይምከራቸው?

ወደ ባለቤታቸው ልምጣ። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ ግን መነገር አለበት። እትዬ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ታላቅ እህት አሏቸው። ሞተር ሳይክሉ ሲያልቅ ባልና ሚስት አብረው ሊጠይቋቸው ተቃጥረው ነበር። ጆንያዎቹ ቤት የገቡት በዚህ ቃል ነው። እትዬ ግን ይኸው በየዓመቱ ብቻቸውን በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ጋሽ ቆይ ሥራው ትንሽ ስለቀራቸው እቤት ይቀራሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተር ሳይክሉ አለቀ። እኔ ራሴ እዚያው ነበርኩ። በራቸው ላይ አስነሱት፣ ተነሳ። ጎረቤቱ ወጥቶ አጨበጨበ። እትዬ ጫማ ሊቀይሩና ሻሻቸውን ሊያስሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ሞተሩ ወርዶ አንሶላ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ቆይ ተንበርክከዋል። ቀና ሳይሉ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ አሉ። እትዬ ሻሻቸውን ፈትተው ገቡ።

ያን ጠቅታ ፍለጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ፈቱት፣ ሰባት ጊዜ ገጠሙት።

ባለፈው እሑድ ትዕግሥቴ አለቀ። ይኸው እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የማተሚያ ክፍላችንን መካኒክ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሞተሩን አስነሳ። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ነው» አለ። «አዲስ ሆኖም ጠቅ ይል ነበር። ዝም ካለ ነው የሚያስፈራው።»

ሌላ ሰው ቢሆን አቅፎ ይስመዋል። ጋሽ ቆይ ግን ለማንኛውም አንድ ጊዜ ልየው ብለው እጃቸውን ወደ መፍቻው ሰደዱ። ያን ጊዜ እትዬ ከበሩ ላይ ተናገሩ።

«የእኔም ጉልበት ደረጃ ስወጣ ይጮኻል» አሉ። «ግን ያደርሰኛል።»

ጋሽ ቆይ የሰደዱትን እጅ መለሱ። መካኒኩም ጊዜ አላጠፋም፤ የሞተሩን ክዳን የሚከፍተውን መፍቻ ኪሱ ከተተው። አሁንም እሱ ጋ ነው። ቢለምኑት እንዳይሰጥ።

አሁን ደግሞ ቀልዱን ልተወው። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። ከስምንት ዓመት በፊት የመኪና አደጋ ዜና ስናወጣ የሟቾችና የቁስለኞች ስም በሁለት ዓምድ ተደርድሮ ነበር። ገጹ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ጋሽ ቆይ ቆይ አንዴ አሉ። ዜናው አራት ሰው ሞተ ይላል፣ የሟቾቹ ዓምድ ላይ ግን አምስት ስም አለ። ማተሚያው አርባ ደቂቃ ቆመ። ሁላችንም ጮኽንባቸው፤ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ስልኩን ይዘው ሆስፒታሉ እስኪመልስ ጠበቁ። አምስተኛ ሆኖ የተጻፈው ልጅ በሕይወት ነበር። እናቱ በየጠዋቱ ጋዜጣችንን የሚገዙ ሴት መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማነው።

ያን ስም ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ያሻገረው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጋሽ ቆይ ስህተቱ ታርሟል ብለው ዝም አሉ። እስከ ዛሬም ዝም እንዳሉ ነው። እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ፣ አስመሹኝ ብዬ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ያ ወንበር ባዶ ሲሆን ምን እንደምሆን አላውቅም።

ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ዝርዝር ውስጥ ያለ ስም ሰው ነው፤ ለእሱ ማተሚያ ቢቆም ይገባዋል። የሞተር ጠቅታ ግን የማንም ልጅ አይደለም።

ስጦታ የመሣሪያ ሳጥን ልንሰጥዎ አስበን ነበር። እትዬ ቢሮ ድረስ መጥተው፣ በእግዚአብሔር አሉን። ስለዚህ ስጦታው ለእርስዎ አይደለም። ይሄ ሄልሜት የእትዬ ነው፤ ከነሻሻቸው እንዲገባ ሰፋ ያለውን መርጠናል።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ እጅዎ አይዛል፣ ዓይንዎ አይድከም። እትዬ፣ መንገዱ ይቅናዎት። ትናንት ለእህትዎ ደውለናል። ቅዳሜ ለምሳ በሞተር ሳይክል ይመጣሉ አልናቸው። «ሁለቱም?» ብለው ጠየቁ።

ሁለቱም ብለናቸዋል። ለሁለታችሁም ጤና።