ዳማ ወንጪ አይሄድም

(ወሊሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ባልና ሚስት፣ መርዕድና ትርሲት፣ ግቢያቸው ውስጥ በተዘጋው የዕቃ ቤት በር ፊት ቆመዋል፤ ውሻቸው ዳማ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶበታል፣ ልጃቸው ሶስና መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቃለች።)

ትርሲት፦ ያንን ማሰሪያ አስቀምጠው አልኩህ! ዳማ ዛሬ የትም አይሄድም።

መርዕድ፦ ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማሻለች።

ትርሲት፦ ትስማ! ወንጪ እንሄዳለን ብለህ በጠዋት የቀሰቀስካት አንተ ነህ።

መርዕድ፦ ቅዳሜ አይደል እንዴ? ቅዳሜ መቼ ቀርተን እናውቃለን? ሐይቁን በእግራችን ዞር ዞር ብለን፣ ድንች ቅቅላችንን በልተን እንመለሳለን።

ትርሲት፦ በዚህ ውሻ? ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም። ለሃጩ መሬት ይነካል። እስቲ ስማው፣ ይሄ የዳማ ድምፅ ነው?

መርዕድ፦ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ይሆናላ።

ትርሲት፦ አጥንት ነው በሩን የሚያስነክሰው? ያን ቀበሮ እኮ አብረን ነው ያየነው።

መርዕድ፦ የቱን ቀበሮ?

ትርሲት፦ የጥምቀት ሰሞን፣ ወንጪ ላይ በጠራራ ፀሐይ ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ወጥቶ ወደ ሶስና የመጣውን! ዳማ መሀል ባይገባ ፊቷን ነበር የሚይዛት። ጆሮው ደምቶ ሲመለስ አቅፈኸው አለቀስክ። በነጋታው አስከትበው ብዬህ ነበር።

መርዕድ፦ ቁስሉ ሲደርቅ... ዳነ ብዬ ተውኩት።

ትርሲት፦ እና ዛሬ ከልጅ ጋር መኪና ውስጥ አስገብተኸው ሽርሽር?

መርዕድ፦ ሽርሽር አይደለም።

ትርሲት፦ ታዲያ ምንድን ነው?

መርዕድ፦ አንቺ ሶስናን ይዘሽ ወደ ጀልባዎቹ ትወርጃለሽ። እኔና ዳማ በላይኛው መንገድ እንሄዳለን። አንድ ጠመንጃ ያለው ሰው አነጋግሬያለሁ።

ትርሲት፦ ለእሷስ ምን ልትላት ነው?

መርዕድ፦ ጫካ ገባና ጠፋ።

ትርሲት፦ ከዚያ በሄድን ቁጥር "ዳማ! ዳማ!" እያለች ወደ ገደሉ ስትጣራ ቆመህ ልትሰማት?

መርዕድ፦ እዚህ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ላስገድለው አልችልም፣ ትርሲት! ነፍሱን ሰጥቶላታል። ቢያንስ ሲሮጥበት በኖረው ሜዳ ላይ ይሁን።

ትርሲት፦ ማን ነው ደግሞ መኪና ውስጥ የሚያስገባው?

መርዕድ፦ እኔ። እኔን አይነካኝም።

ትርሲት፦ አይነካህም? ቀኝ እጅህን ለምን ከኪስህ አታወጣም ታዲያ?

መርዕድ፦ በርዶኝ ነው።

ትርሲት፦ አውጣው።

መርዕድ፦ ቀጋ ነው የወጋኝ፣ ምንም አይደለ...

ትርሲት፦ አውጣው አልኩህ! ... ወይኔ! ይሄ ጥርስ ነው። መቼ ነው?

መርዕድ፦ ሐሙስ። ውሃ ላጠጣው ስል። ኦቦ ቶላ ዘንድ ሄጄ ቅጠል ጠጥቻለሁ፤ ስንቱን አድነዋል።

ትርሲት፦ ቅጠል! ሆስፒታሉ አፍንጫህ ሥር እያለ! መርፌው እኮ የሚሠራው የእብድ ውሻ በሽታው ሳይጀምርህ ነው፤ ከጀመረህ በኋላ የሚያድንህ የለም። ለምን አልሄድክም?

መርዕድ፦ ይጠይቁኛላ።

ትርሲት፦ ምን ብለው?

መርዕድ፦ ሌላ የተነከሰ ሰው አለ ወይ ብለው።

ትርሲት፦ ሌላ ማን አለ? መርዕድ፣ ንገረኝ!

መርዕድ፦ ሳህኑን የያዘችልኝ ሶስና ነበረች። ጣቷ ላይ ነው፣ ጭረት ናት። በሳሙና አጥቤላታለሁ። እማዬ ከሰማች ዳማን ታስገድለዋለች ብላ ስታለቅስብኝ... አንናገርም ተባባልን።

ትርሲት፦ በሩን ቆልፍና መኪናውን አስነሳ። ወዴት እንደምንሄድና ዳማ ምን እንደሚሆን ለልጄ እኔ እነግራታለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚዋሻት ሰው የለም።