የማይረጋው እርጎ

ነጋዴ መንገድ ላይ ጆሮውን አይዘጋም። በስድሳዎቹ፣ ጥጡ በነጣበት ሰሞን፣ ከአዋሽ ወደ አዳይቱ በምትሄድ ላንድሮቨር ተሳፍሬ ስሄድ፣ ከፊቴ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ የአንድ ጥጥ እርሻ ጸሐፊና ሚሌ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት የወሎ ባልቴት ተቀምጠው ነበር። ጸሐፊው ከቅል ይጎነጫል።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጌታው?» አሉት።

«እርጎ ነው፣ እትዬ። ጨጓራዬ ሊገድለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይህን መጠጣት ከጀመርኩ ወዲህ እህል ይስማማኝ ጀመር። ሥራውን ትቼ አገሬ ልገባ ስል ቀረሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ከየት ታገኘዋለህ?»

«አንዲት የአፋር ሴት በታጠነ ዕቃ ታመጣልኛለች።»

«ሲያድር ይረጋል?»

«አይረጋም፤ እንዲሁ ቀጭን ነው።»

«የላም እርጎ እኮ ይረጋል፣ ልጄ።»

«የቆላ ላም ስለሆነች ይሆናላ።»

«ይሆናል። አንገቷም ረዘም ያለ ሳይሆን አይቀርም።»

ጸሐፊው ቅሉን ከአፉ አወረደ።

«ግመል ነው የሚሉኝ? እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«እኔ አንገት አልኩ እንጂ ግመል አላልኩም። ሴትዮዋን ጠይቃት።»

«አዎ ብትለኝስ?»

«ያኔማ ትተዋለሃ።»

«ጨጓራዬስ?»

«አብሽር፣ አላህ ያውቅለታል። ትጠይቃታለህ ታዲያ?»

«ምን አሉኝ፣ እትዬ? የሞተሩ ጩኸት አላሰማኝም» ብሎ ቅሉን ወደ አፉ መለሰ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ለመኪናዋ ውሃ ሊያመጣ ከወረደ ቆይቶ ነበርና፣ እኔም እንዳልሰማ ሰው ፊቴን ወደ ጥጡ አዞርኩ።