የሚስ ኤርሚን ዕቁብና የባንኩ ጥያቄ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ክሪስቲያና ከተማ ዝናብ ይጥል ነበር። ወደ ቤተል ጋፕ መንደር የምትወጣው ታክሲ ሁለት ሰው ጎድሏት ገበያው ዳር ቆማለች። ሾፌሩ ሊንቫል መኪናው ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ሚስ ኤርሚን ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰማያዊ ጨርቅ አለ፤ ፊታቸው ፈክቷል።

ሚስ ኤርሚን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ይበልጥ የሚታወቁት ግን በዕቁባቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አሥራ አራት ሰው በረንዳቸው ላይ እየመጣ ድርሻውን ይጥላል፣ በተራው ያወጣል። በእኛ በኩል ዕቁብ በዕጣ አይወጣም። ተራ የምትሰጠው ሰብሳቢዋ ናት። ሚስ ኤርሚን የቸገረውን ያስቀድማሉ፣ ገና ያላወቁትን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። አንድም ቀን ገንዘብ ጎድሎባቸው አያውቅም። የቤተል ጋፕ ሰው «ባንካችን» እያለ ይጠራቸዋል።

የታክሲዋ በር ተከፈተና አንዲት ወጣት ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ኬዲሻ ናት፤ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ባንክ ቤት የምትሠራው።

«እንደምን ዋሉ ሚስ ኤርሚን?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ፣ ጫማሽ ራሰ። እግዚአብሔር ነው የላከሽ። በይ የአካውንት ቁጥርሽን ስጪኝ።»

ሊንቫል በመስታወቱ እያያቸው ሳቀ። «ሚስ ኤርሚን! ሌባ እንኳ እንዲህ ፊት ለፊት አይጠይቅም!»

«አንተ ተሳፋሪህን ጥራ» አሉት። ወደ ልጅቷ ዞሩና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ትምህርት ቤቱ ሰማንያ አራት ዩኒፎርም አዞኛል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቼ አላውቅም። ለጨርቁ ግማሹን አስቀድመው ይከፍላሉ። ግን በእጅ አይሰጡም፣ በአካውንት ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ቀትር ቁጥር ካላመጣሁ ሥራውን ለከተማው ፋብሪካ ይሰጡታል። ስለዚህ ባንቺ ይግባና አውጥተሽ ትሰጪኛለሽ። አምንሻለሁ።»

ኬዲሻ ጃንጥላዋን እግሯ ሥር አስቀመጠች። የምትለው ከብዷት ነበር።

«ስላመኑኝ አመሰግናለሁ ሚስ ኤርሚን። ግን አይሆንም።»

«አይሆንም?»

«በእኔ በኩል ከገባ ወረቀቱ ምን ይላል? ኬዲሻ ሰማንያ አራት ዩኒፎርም ሸጠች ይላል። መሥሪያ ቤቴም ‹ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?› ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልችልም። ሌላም አለ። እርስዎ ጀርባዎ እስኪጎብጥ ሰፍተው ስሙ ለእኔ ይቆጠራል። ለምን? የራስዎን ይክፈቱ እንጂ።»

ሚስ ኤርሚን ጨርቁን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። ሊንቫል ይህን አይቶ የመኪናውን ሬዲዮ ዘጋ።

«እኔን ባንክ አይቀበለኝም» አሉ።

«ማን አለ?»

«ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለአጎቴ ልጅ ለላሴልስ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። ሶፋና ፍሪጅ በዱቤ ወሰደ። ሁለት ወር ከፈለና ባሕር ተሻግሮ ወደ ኬይማን ደሴት ጠፋ። የሱቁ ሰው ቤቴ መጣ። ቅዳሜ ነበር፣ ዕቁብተኛው ሁሉ በረንዳዬ ላይ ቆሟል። ‹ስምሽ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ የትም አይቀበሉሽም› አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት!»

«ዕዳው ምን ሆነ?»

«ከፈልኩታ። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሰው የተቀመጠበትን ሶፋ እኔ ሳላየው ከፈልኩ።»

«ደረሰኙስ?»

«ደረሰኝ የሚያጠፋ ዕቁብ ሰብሳቢ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ኬዲሻ ፈገግ አለች። ቀጥሎ የተናገረችውን ግን በጥንቃቄ ነው የተናገረችው፤ የማታውቀውን አውቃለሁ የምትል ልጅ አይደለችም።

«ስለዚያ ዕዳ የተጻፈ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። የሰውን የብድር ታሪክ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አለ። የራስዎን ግልባጭ ይጠይቁታል፣ ይሰጡዎታል። ስህተት ካለበት በደረሰኝዎ ያስተካክሉታል። ይህ ግን ለዓርብ አያስፈልግዎትም። እርስዎ ብድር አልጠየቁም። ገንዘብዎን አስቀምጡልኝ ነው የሚሉት። የባንኩን ገንዘብ ሲጠይቁ ‹እንዴት ትመልሻለሽ?› ይልዎታል። የራስዎን ሲያመጡ ‹ማን ነሽ?› ነው የሚለው።»

«ማን እንደሆንኩ አገር ያውቃል።»

«ባንኩ አያውቅም። መታወቂያ፣ የግብር ቁጥር፣ አድራሻዎን የሚያሳይ የመብራት ሂሳብ ይጠይቃል። አንድ የተከበረ ሰው ደግሞ ‹አውቃታለሁ› ብሎ መጻፍ አለበት።»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ሚስ ኤርሚንን ወጋቻቸው።

«እኔ? ለእኔ ሰው ይመስክርልኝ? አንድ ሰው ቤት ሲከራይ ‹ታማኝ ነው ወይ?› ተብሎ የሚጠየቀው እኔ ቤት ነው! ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ገንዘብ ይዤ፣ አሁን የማላውቀው የባንክ ልጅ ‹ማን ያውቅሻል?› ይበለኝ?»

አንድ ተሳፋሪ ዝናቡን ሸሽቶ ወደ መኪናዋ መጣ። ሊንቫል በእጁ መለሰው። «ሞልቷል!» አለ። አልሞላም ነበር።

«አክስቴ» አለች ኬዲሻ፤ ስትለምን ነው እንዲህ የምትላቸው። «ሥራ የያዝኩ ዓመት ዕቁብዎ ልገባ መጣሁ። ምን ብለው ጠየቁኝ?»

«እንጃ፣ ረሳሁት።»

«እኔ አልረሳሁም። የት ትሠሪያለሽ አሉኝ። ደመወዝሽ መቼ ነው አሉኝ። ማን ይቆምልሻል አሉኝ። ከዚህ በሦስተኛው ቤት ነው ያደግሁት! የሽንት ጨርቄን የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት! ከዚያም የመጨረሻውን ተራ ሰጡኝ። አሥራ አራተኛ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ብትጠይቅዎት ምን አሏት? ‹የማውቀው እናንተን ነው፤ እሷን በገንዘብ ገና አላውቃትም።›»

ሚስ ኤርሚን መስኮቱን ያዩ ጀመር። እንዲህ ማለታቸው ትዝ ብሏቸዋል።

«ክፉ ስለሆኑ ነው?» አለች ልጅቷ። «አይደለም። የአሥራ ሦስት ሰው ገንዘብ ስላለብዎት ነው። ባንኩም የሚጠይቅዎት ያንኑ ነው። አላዋረደዎትም፤ አዲስ ሰው ሆነው ስለመጡ ነው።»

«እሺ፣ አዲስ ልሁን። ስሙ የተበላሸስ?»

ሊንቫል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስ ኤርሚን፣ ከፈቀዱልኝ እዚህ ላይ እኔ ልናገር።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ግን ስሙ የተበላሸ ሰው ከእኔ በላይ የት ይገኛል? ሁለተኛ ተራ ሰጥተውኝ፣ ገንዘቡን ወስጄ ጎማ ገዛሁና ሰባት ሳምንት ጠፋሁ። በጓሮ መንገድ ነበር የምነዳው። ድርሻዬን ከኪስዎ ሞሉልኝ። ተመልሼ ስመጣ ምን አደረጉኝ? አባረሩኝ?»

«ማባረር ነበረብኝ።»

«‹መጀመሪያ ያለብህን ጨርስ› አሉኝ። ጨረስኩ። ‹በግማሽ ድርሻ ግባ፣ የመጨረሻውን ውሰድ› አሉኝ። ሁለት ዓመት መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ አምስተኛ ነኝ። እንግዲህ እኔን ያስገባ በር ለእርስዎ የሚዘጋ ከሆነ እኔ መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ።»

ሚስ ኤርሚን ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ትልቅ ሰው ሲረታ እንዲህ ነው፤ አፉ እሺ ሳይል ትከሻው ይወርዳል።

«ስንት ይዤ ነው የምመጣው?» አሉ።

«ለመክፈቻ ሁለት ሺህ ይበቃል።»

«ሁለት ሺህ! ለዶሮ ጥሬ መግዣ ነው እኮ! ይስቁብኛል። ባለተራው ገና ያልወሰደውን የቅዳሜውን የዕቁብ ገንዘብ ይዤ ልምጣ። መቶ አርባ ሺህ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ያን ጊዜ ማንም ስለ ላሴልስ አይጠይቀኝም።»

«እንዳያደርጉት!» ኬዲሻ እጃቸውን ያዘች። «ያ ገንዘብ የእርስዎ ነው?»

ሚስ ኤርሚን ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ገንዘብ አንድ ሳንቲም ነክተው አያውቁም፤ አሁን ለታይታ ሊለብሱት ነበር።

«የሌላ ሰው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«የባንኩ ቅጽ ‹ገንዘቡ ከየት መጣ?› ይላል። ሁለት ሺህ ይዘው ‹ከስፌቴ› ቢሉ እውነት ነው። በእውነት የተጀመረ ትንሽ ነገር ያድጋል። በሰው ገንዘብ ትልቅ መስለው ከገቡ ግን በማግሥቱ ሲያወጡት ምን ሊሉ ነው?»

«በቃ፣ በቃ። ሐሙስ እመጣለሁ። ሊንቫል፣ ንዳ እንጂ! መኪናው መሙላቱን ራስህ ተናግረሃል።»

ረቡዕ ጠዋት ሚስ ኤርሚን ጡረታ በወጡት በመምህር ሲልቬራ በር ላይ ቆሙ። መምህሩ በሕግ የታወቁ መስካሪ ናቸው፤ ማኅተም አላቸው። ሚስ ኤርሚን በሩን ለማንኳኳት ብዙ ቆዩ። ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ አንኳኩተው ያውቃሉ፤ ለራሳቸው ግን የመጀመሪያቸው ነው።

መምህሩ ወንበር ሰጥተው ጻፉ። ‹ሚስ ኤርሚንን አርባ አንድ ዓመት አውቃታለሁ። ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት።› ሚስ ኤርሚን መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የላሴልስን ነገርስ ለምን አልጻፍከውም? ደበቅን እንዳይሉ።»

«ኤርሚን፣ የጠየቁኝ አንቺን አውቅሽ እንደሆነ ነው። ላሴልስን አልጠየቁኝም።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ እንግዲህ።»

«መቼም ሳትነግሪ አታድሪም» አሉና ማኅተሙን መቱት።

ሐሙስ ዕለት የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ባንክ ገቡ። ኬዲሻ ከጠረጴዛዋ ኋላ ነበረች፤ እዚያ ስትሆን ንግግሯ እንደ እንግዳ ነው። ቅጹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሥራ? ስፌት። ገንዘቡ ከየት? ከስፌት። ከዚያ ሚስ ኤርሚን ሳይጠየቁ ሁሉንም ተናገሩ፤ ሶፋውን፣ ፍሪጁን፣ ሦስቱን ዓመት። የደረሰኙን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የኬዲሻ አለቃ ሰምታ መጣች፣ ጥቅሉን አገላብጣ አየች፣ በሁለት እጇ መለሰች።

«እነዚህን በደንብ ያስቀምጧቸው እናቴ» አለች። «ያለፈ ብድር ቁጠባ ከመክፈት አይከለክልዎትም። በዚህኛው ሂሳብ ካለዎት በላይ ማውጣት አይቻልም፤ ዕዳ ውስጥ አይገቡም። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ለመጨረሻ ጊዜ የፈረሙት ለላሴልስ ነበር። ብዕሩን አነሱና ስማቸውን ሙሉ ጻፉ።

የዚያኑ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቤት ደረሰ። በሳምንቱ ግማሹ ክፍያ ገባ። ሚስ ኤርሚን ለኪንግስተኑ ጨርቅ ነጋዴ ከባንኩ በቀጥታ አስተላለፉለት፤ ገንዘብ ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ አጥተው የሚሄዱበት ዘመን አበቃ። በመስከረም ሰማንያ አራት ልጆች የሚስ ኤርሚንን ሽንሽን ዩኒፎርም ለብሰው ትምህርት ቤት ገቡ።

የጠየቁት የብድር ታሪካቸው ግልባጭም መጣ። ከፍተው ሲያዩት ስለ ላሴልስ አንድ ቃል የለም። ስለ ምንም ነገር አንድ ቃል የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈሩት ወረቀት ባዶ ነበር። ደስ ሊላቸው ሲገባ ተቆጡ።

«ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ባዶ?»

«መጥፎ አይደለም» አለቻቸው ኬዲሻ። «ገና አያውቁዎትም ማለት ነው። መጨረሻው ተራ ላይ ነዎት።»

አስቀመጡ። በየሳምንቱ፣ ሳያቋርጡ፣ እንደ ዕቁብ ጣሉ። በዓመቱ ባንኩ ቁጠባቸውን አይቶ ለአዲስ የስፌት መኪና ትንሽ ብድር ሰጣቸው፤ ከቀኑ ሳያሳልፉ ከፍለው ጨረሱ። አሁን ወረቀቱ ላይ የራሳቸው መስመር አለ። ዕቁባቸውን አልተዉም፤ መተው አለባቸው ያለም የለም። ዕቁብ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳስራል። ባንኩ ደግሞ ገንዘቡን ከሌባና ከእሳት ይጠብቃል፤ የከፈልነውንም ከመንደራችን ውጭ ላለ ሰው ይነግርልናል። ስሜ ክፉ ነው ብሎ ከበር የሚመለስ ሰው በሩን ማንም ሳይዘጋበት ውጭ ይቀራል። መጠየቅ ነው፤ ደረሰኝ መያዝ ነው፤ በራስ ገንዘብና በራስ ስም ከትንሽ መጀመር ነው። ሚስ ኤርሚንም ዕቁብ የሚወጣለትን ሰው ሁሉ አሁን ‹አካውንትህ የት ነው?› ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ ሊንቫል ድርሻውን ጥሎ ሳይሄድ ቆየ።

«ማክሰኞ ባንክ ልሄድ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «የእኔን ስም ግን እርስዎ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ።»

«ከጠየቁኝስ?»

«እውነቱን ንገራቸው። ሰባት ሳምንት ሸሸሁ፣ ተመልሼ ከፈልኩ በል። ልክ ነው ወይ ካሉ ወደ እኔ ይላኩ።»

ሊንቫል ራሱን ነቀነቀ፤ ሊሄድ ዞረ። ሚስ ኤርሚን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጠሩት።

«ና እዚህ። ይህን ሸሚዝ ነው የምትለብሰው? ኮሌታው አልቋል። አውልቅ፣ ፈትቼ ልገልብጥልህ።»

«ባንክ ቤት ልብስ አያዩም ይባላል እኮ ሚስ ኤርሚን።»

«እነሱ አያዩ ይሆናል። እኔ አያለሁ። አውልቅ!»